ሰውነታችን ጠላቱን የሚያውቀው ከቁራሹ ነው

(በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



የዝግጅት ኮሚቴው ደውሎ «ሃያ ደቂቃ አለሽ፣ የፈለግሽውን ተናገሪ» ሲለኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ዶርም ሕይወታችን ማውራት ነበር። ውኃ ሲጠፋ በጀሪካን ስለተሸከምነው፣ መብራት ሲጠፋ በሻማ ስላጠናነው። በኋላ ግን እሱን ምሳ ላይ ሁሉም ሰው እንደሚያወራው ገመትኩና ተውኩት። ዛሬ የማነሳው ብዙዎቻችን ለፈተና ሸምድደን፣ ከፈተና ወጥተን ካፌ ሳንደርስ የረሳነውን አንድ ትምህርት ነው፤ ኢሚውኖሎጂን። አያችሁ፣ ከኋላ የተቀመጡት የክፍሌ ልጆች ከአሁኑ ፊታቸውን አጨማደዱ!

ከምሕንድስና፣ ከሕግ፣ ከቋንቋ ትምህርት ክፍል የመጣችሁ እንዳትነሡብኝ። ለእናንተም በሚገባ አማርኛ ለመናገር እሞክራለሁ። እንዲያውም ዋናው ጉዳዬ እሱ ነው። ይህን ትምህርት አውቀው ነበር፤ ፈተናውንም በጥሩ ውጤት ነው ያለፍኩት። ለሰው በሚገባ አማርኛ መናገር ባለመቻሌ ግን አንዲት ታካሚ አጥቻለሁ። ዛሬ የምነግራችሁ እሱን ነው።

ጊዜው 1999 ዓ.ም. ነው። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን በነጻ መሰጠት ከጀመረ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። እኔ ከአዲስ አበባ ውጭ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ጠቅላላ ሐኪም ሆኜ ተመድቤ ነበር። በቀን የማያቸው ታካሚዎች ቁጥር ስንት እንደነበር አልነግራችሁም፤ እዚያ የሠራችሁ ታውቁታላችሁ። ኮሪደሩ ላይ ሰው ቆሞ፣ ወንበር ላይ ሰው ተደራርቦ፣ ካርዱ ጠረጴዛዬ ላይ ተከምሮ ነበር የምንሠራው።

አንዲት የሃያ አራት ዓመት ወጣት ከእናቷ ጋር መጣች። ሲዲ4 ቁጥሯ 38 ነበር። ጤነኛ ሰው ከአምስት መቶ በላይ እንደሚኖረው አስቡት። ሳል የላትም፣ የደረት ራጅዋ ንጹሕ ነው። መድኃኒቱን አስጀመርናት። በሁለተኛው ሳምንት ስትመጣ ምግብ መብላት ጀምራለች፤ እናቷ እጄን ይዘው መረቁኝ። በአራተኛው ሳምንት ግን ሲመጡ ልጅቷ በትኩሳት ትቃጠላለች፣ አንገቷ በግራ በኩል የዶሮ እንቁላል የሚያህል እብጠት አውጥቷል፤ ከሥሩም ትናንሽ እጢዎች ተደርድረዋል።

ሳየው ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። በአእምሮዬ ሙሉው ትምህርት መጣልኝ፤ ስሙ፣ አመጣጡ፣ ሕክምናው። ከአፌ የወጣው ግን ይህ ብቻ ነበር፦ «እማማ፣ አይዞዎት፣ የመድኃኒቱ ነው። ናሙና እንወስዳለን፣ በሳምንቱ ለውጤት ትመጣላችሁ።» ከዚያ የሚቀጥለውን ካርድ አነሣሁ።

ናሙናው በመርፌ ተወሰደ። ውጤቱ ሲመጣ የቲቢ ባክቴሪያ ነበረበት። እነሱ ግን ለውጤቱ አልመጡም። ወረቀቱን ካርዷ ውስጥ አድርጌ ብጠብቅ፣ አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ አንድ ወር ሆነ። ቀጠሮ ያለፋቸውን ታካሚዎች የሚፈልገው ባልደረባችን ሄዶ ሲጠይቅ «ወደ ገጠር ሄደዋል» ተባለ።

እዚህ ላይ ላቁምና ወደ ትምህርቱ ልመልሳችሁ። ያን ቀን በአእምሮዬ የነበረው፣ ከአፌ ያልወጣው ነገር ምን ነበር?

ተህዋስ ሰውነታችን ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የሚያገኛቸው በላተኛ ሴሎችን ነው። ማክሮፋጅ የሚለው ስም ራሱ ከግሪክ የመጣ ሆኖ ትርጉሙ «ትልቅ በላተኛ» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1882 በሲሲሊ ደሴት፣ መሲና ከተማ ላይ፣ ኤሊ ሜችኒኮፍ የተባለ የእንስሳት ተመራማሪ ብርሃን በሚያሳልፍ የባሕር ኮከብ እጭ ላይ የጽጌረዳ እሾህ ወግቶ አደረ። በነጋታው በአጉሊ መነጽር ሲያይ እሾሁ በሚንቀሳቀሱ ሴሎች ተከብቧል። ሰውነት የገባበትን ባዕድ ነገር ለመብላት እንደሚነሣ ያወቅነው እንዲህ ነው። ሜችኒኮፍ እ.ኤ.አ. በ1908 የኖቤል ሽልማትን ከፓውል ኤርሊሕ ጋር ተካፍሏል።

ነገር ግን በልቶ መጨረስ ሌላ፣ አውቆ ማሳወቅ ሌላ ነው። በሽታን ለይቶ የሚያውቀውና የሚያስታውሰው ቲ ሴል፣ ባክቴሪያውን ሙሉ አካሉን ቢያስቀምጡለት አያየውም። እሱ የሚያየው ተቆርሶ፣ በልዩ መያዣ ላይ ተቀምጦ የሚቀርብለትን የፕሮቲን ቁራሽ ብቻ ነው። አንቲጅን የምንለው ይኸው የሚታወቅበት ነገር ነው፤ መያዣውን ደግሞ ኤም ኤች ሲ እንለዋለን። እ.ኤ.አ. በ1974 ሮልፍ ዚንከርናገልና ፒተር ዶሀርቲ በአውስትራሊያ፣ ካንቤራ፣ ቲ ሴል ቁራሹንም መያዣውንም አንድ ላይ እንደሚያይ በአይጥ ላይ አሳዩ፤ በ1996 ኖቤል ተሸለሙ። እ.ኤ.አ. በ1987 ደግሞ ፓሜላ ብጆርክማንና ባልደረቦቿ የመያዣውን ቅርጽ አወጡ። ሲታይ አናቱ ላይ ጎድጓዳ ቦታ አለው፤ ጎድጓዳው ውስጥም ቁራሽ ተኝቷል።

የሕግ ምሩቃን በቀላሉ ይረዱኛል። ዳኛ ሌባ ለመያዝ መንደር ለመንደር አይዞርም። ፖሊስ ይይዛል፣ ከተያዘው ንብረት ኤግዚቢቱን ለይቶ፣ መዝገብ ከፍቶ ችሎት ላይ ያቀርባል። በላተኛው ሴል ፖሊሱ ነው፣ ቁራሹ ኤግዚቢት ነው፣ ቲ ሴሉ ዳኛው ነው።

ቁራሹ እንዴት ይቆረሳል? ሴሉ የዋጠውን ባክቴሪያ በከረጢት ይይዘዋል። ያ ከረጢት ሊሶዞም ከሚባል፣ ኢንዛይም ከሞላበት ሌላ ከረጢት ጋር ይዋሐዳል። ውስጡ አሲድ ይሆናል፤ ፒኤቹ ወደ 5 አካባቢ ይወርዳል። በዚህ አሲድ ውስጥ ካቴፕሲን የተባሉ ኢንዛይሞች ፕሮቲኑን ይቆራርጡታል። መያዣው፣ ማለትም ክፍል ሁለት ኤም ኤች ሲ፣ ከተሠራበት ቦታ የሚነሣው ጎድጓዳው በሌላ ፕሮቲን ተደፍኖ ነው፤ መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ እንዳይሸከም። ከከረጢቱ ሲደርስ መድፈኛው ይቆረጣል፤ የቀረችውን ስባሪ ኤች ኤል ኤ ዲ ኤም የተባለ ረዳት ያወጣታል፤ በቦታዋ የባክቴሪያው ቁራሽ ይገባል። ርዝመቱ ቢበዛ ሃያ ምናምን አሚኖ አሲድ ነው። ከዚያ መያዣው ቁራሹን ተሸክሞ የሴሉ ገጽ ላይ ይወጣል።

ቫይረስ በሴሉ ውስጥ ሲባዛ ግን መንገዱ ሌላ ነው። ፕሮቲኑ ፕሮቲያዞም በሚባል መቁረጫ ያልፋል፣ ቁራሹ ታፕ በሚባል በር ይገባል፣ ከ8 እስከ 10 አሚኖ አሲድ ያህል ሆኖ በክፍል አንድ መያዣ ላይ ይወጣል። ክፍል ሁለትን የሚያነበው ሲዲ4 ቲ ሴል ነው፣ ክፍል አንድን ሲዲ8። ትዝ አላችሁ አይደል? «አራት ሲባዛ በሁለት ስምንት፣ ስምንት ሲባዛ በአንድ ስምንት!» ከሁለት ዓመት ንባብ የተረፈችን እሷ ብቻ ናት።

ይህ የአሲድ ነገር ለፈተና ብቻ የተፈጠረ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1982 ዚግለርና ኡናኑዌ ክሎሮኪን ማክሮፋጅ ላይ ሲያደርጉ ሴሉ አንቲጅን ማቅረብ አቃተው። ክሎሮኪን የሊሶዞሙን አሲድ ይቀንሰዋላ! ለሉፐስ ታካሚዎቻችን የምንሰጠው ሃይድሮክሲክሎሮኪን ይሠራባቸዋል ከሚባሉት መንገዶች አንዱም ይኸው ነው። ለወባ ስንውጠው ያደግነው ኪኒን የሚሠራው ቁራሹ የሚቆረስበት ቤት ውስጥ ገብቶ ነው ማለት ነው።

ኤግዚቢቱን ከሁሉ በተሻለ የሚያቀርበው ዴንድሪቲክ የተባለው ሴል ነው፤ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ያለው። እዚህ ላይ ተማሪ የሆናችሁ አድምጡኝ። ቆዳ ውስጥ ያለውን የዚህ ሴል ወገን መጀመሪያ ያየው ፓውል ላንገርሃንስ ነው። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1868፣ ቦታው በርሊን፣ ሰውየውም ገና የሕክምና ተማሪ ነበር። ቅርንጫፉን ሲያይ ነርቭ መሰለው። ተሳስቷል፤ ግን ያየውን በደንብ ሥሎ ስላስቀመጠ ከመቶ ዓመት በኋላ ጠቀመ። ራልፍ ስታይንማን ከዛንቪል ኮን ጋር እ.ኤ.አ. በ1973 ከአይጥ ጣፊያ ውስጥ ያገኘውን ሴል «ዴንድሪቲክ» ብሎ ሰየመ። ለብዙ ዓመታት ብዙዎች አላመኑትም። እ.ኤ.አ. በ2011 የኖቤል ሽልማት ማግኘቱ ሲነገር ካረፈ ሦስት ቀን ሆኖት ነበር፤ የሸለሙት ሰዎች መሞቱን አላወቁም ነበር። ሽልማቱ ግን አልተሻረም።

አሁን ከሁሉ የምወደው ክፍል ላይ ደረስን። ኤግዚቢት ማቅረብ ብቻ አይበቃም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሄደ ሁሉ ያውቃል፤ ደብዳቤው የቱንም ያህል ቢያምር ማኅተም ከሌለው «ይሂዱና አስመትተው ይምጡ» ነው። ቲ ሴልም እንደዚያው ነው። ዴንድሪቲኩ ሴል ከቁራሹ ጎን ሁለተኛ ምልክት ማሳየት አለበት፤ ቢ7 ይባላል። ይህን ማኅተም የሚያወጣው ደግሞ የአደጋ ምልክት ሲሰማው ነው፤ የባክቴሪያ ግድግዳ ስባሪ፣ የቫይረስ አርኤንኤ፣ የተጎዳ ሴል። ማኅተም የሌለው ቁራሽ የቀረበለት ቲ ሴል ዝም ይላል፣ በኋላም ቢጠሩት አይነሣም። የራሳችንን አካል እንዳንበላ ከሚጠብቁን ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ብዙ ክትባቶች ውስጥ የአሉሚኒየም ጨው የሚጨመረውም ንጹሕ ፕሮቲን ብቻውን ማኅተሙን ስለማያስመታ ነው።

ፖሊሱና ዳኛው የት ይገናኛሉ? እጢ ውስጥ። ይህን የሚያውቁት ሐኪሞች ብቻ አይደሉም፤ እናቶቻችንም ያውቁታል። በልጅነታችን በባዶ እግራችን ስንሮጥ እግራችን ይቆስልና ብሽሽታችን ላይ ንፍፊት ይወጣ ነበር። ቁስሉ እግር ላይ፣ እብጠቱ ብሽሽት ላይ! ንፍፊት ማለት እኮ ችሎት ተሰይሟል ማለት ነው። ዴንድሪቲክ ሴሎች ከቁስሉ ቁራሽ ተሸክመው በሊምፍ መንገድ ብሽሽት ደርሰዋል፤ ቲ ሴሎች ተሰብስበዋል፤ ቁራሹን የሚያውቀው ተገኝቶ እየተባዛ ነው። አንድን የተወሰነ ቁራሽ የሚያውቀው ቲ ሴል ከመቶ ሺህ፣ አንዳንዴም ከሚሊዮን አንድ ነው። ሁሉም በየእጢው እየዞሩ ባያልፉ ኖሮ አይገናኙም ነበር። እንደ ቅዳሜ ገበያ ነው፤ ገጠር ለገጠር ዞረህ የማታገኘውን ሰው ገበያ ላይ ታገኘዋለህ።

ለዚህ ነው ጊዜ የሚወስደው። ለአዲስ ተህዋስ የቲ ሴል ሠራዊት ለማቆም ቀናት፣ ከዚያም በላይ ያስፈልጋል። ለቲቢ ደግሞ ይብሳል፤ የቲዩበርክሊን የቆዳ ምርመራ ተህዋሱ ከገባ በኋላ አዎንታዊ እስኪሆን ከሁለት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈጃል። ምክንያቱ የቲቢ ባክቴሪያ ተንኮል ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 አርምስትሮንግና ዳርሲ ሃርት እንዳሳዩት፣ ማክሮፋጅ ከዋጠው በኋላ ከረጢቱ ከሊሶዞም ጋር እንዳይዋሐድ ያደርጋል። አሲዱ አይመጣም፣ መቁረጫው አይደርስበትም። ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ እዚያው ቤት ሠርቶ ይኖራል እንደማለት ነው።

ይህን የሚፈታው ሲዲ4 ሴል ነው። ቁራሹን አንብቦ ሲያውቅ ወደ ማክሮፋጁ ይመለስና ኢንተርፌሮን ጋማ የተባለ ትእዛዝ ይሰጠዋል። ትእዛዝ የደረሰው ማክሮፋጅ ከረጢቱን ያዋሕዳል፣ የዋጠውንም ይገድላል። ስለዚህ ጉዞው የአንድ አቅጣጫ አይደለም። በላተኛው ለዳኛው ቁራሽ ያቀርባል፣ ዳኛው ለበላተኛው ትእዛዝ ይመልሳል። አንዱ ከሌለ ሌላው ከንቱ ነው።

ኤች አይ ቪ ታዲያ የሚያጠፋው ዳኞቹን ነው። ሲዲ4 ወደ 38 ሲወርድ ማክሮፋጁ አለ፣ ባክቴሪያው አለ፣ ኤግዚቢቱ ተከምሯል። የሚያነብ ግን የለም። የሚያነብ ከሌለ ትኩሳትም ላይኖር ይችላል፣ እጢም ላያብጥ ይችላል፣ የቆዳ ምርመራውም ላያብጥ ይችላል። ያቺ ልጅ ስትመጣ «ቲቢ የላትም» ያልነው የበሽታው ምልክት ስላልነበረ ነው። ምልክቱን የሚያወጣው ደግሞ ራሱ ሰውነት እንጂ ባክቴሪያው ብቻ አይደለም።

መድኃኒቱ ሲጀመር ቫይረሱ ይወድቃል፣ ሲዲ4 በሳምንታት ውስጥ መመለስ ይጀምራል። ዳኛ ለዓመታት ያልተመደበበት ፍርድ ቤት አንድ ቀን ዳኞች ሲመጡለት ምን ይሆናል? የተከማቸው መዝገብ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይከፈታል። ግቢው በሰው ይሞላል፣ ጩኸት ነው። የልጅቷ አንገት ላይ ያየሁት እሱን ነበር። በሕክምና ቋንቋ አይሪስ እንለዋለን። ተደብቆ የኖረው ቲቢ ተገለጠ፤ የገለጠውም የዳነው አቅሟ ነበር። እብጠቱ የሚያስፈራ ቢሆንም መድኃኒቱ እየሠራ ለመሆኑ ምልክት ነበር። የሚያስፈልጋት የፀረ ኤች አይ ቪውን ሳታቋርጥ የቲቢውን ሕክምና መጨመር ነበር።

ይህን ሁሉ እያወቅኩ ነው እንግዲህ «የመድኃኒቱ ነው» ያልኩት።

ከአራት ወር በኋላ እናትየው ብቻቸውን መጡ። ጥቁር ለብሰዋል። ከነጠላቸው ሥር ፌስታል አወጡና ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። የልጃቸው መድኃኒት ነበር፤ ግማሹ ዕቃው እንኳን አልተከፈተም።

«ይኼ የልጄ ነው» አሉኝ፤ «ለሌላ ሰው ይሁን ብዬ ነው። መንግሥት ገንዘብ አውጥቶበታል።»

ቃል አጣሁ። በመጨረሻ «እማማ፣ ለምን አቋረጠች?» አልኳቸው።

ትክ ብለው አዩኝ። ቁጣ የለባቸውም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «አንቺው አይደለሽ እንዴ ልጄ፣ የመድኃኒቱ ነው ያልሽኝ?»

እውነታቸውን ነው። እኔ «የመድኃኒቱ ነው» ስል ዳኞቹ ተመለሱ፣ መዝገቡ ተከፈተ ማለቴ ነበር። እሳቸው የሰሙት ግን በቀጥተኛ አማርኛ የተነገረውን ነው፤ ልጅሽን ያሳበጣት መድኃኒቱ ነው። ልጁ በመድኃኒት የታመመበት ወላጅ መድኃኒቱን ቢያስጥል ምን ይገርማል? ያደረጉት እናት የሚያደርገውን ነው። መድኃኒቱን ብትቀጥል፣ የቲቢውንም ብትጀምር በእርግጥ ትድን ነበር ብዬ አልምልም፤ በሲዲ4 38 የመጣ ሰው በብዙ መንገድ ይሞታል። ዕድሏን ግን ያሳጣኋት እኔ ነኝ። ኮሪደሩ ሙሉ ነበር፣ ደክሞኝ ነበር፣ ወጣት ነበርኩ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ሁለት ደቂቃ ግን ነበረኝ።

በኋላ በስፔሻሊቲ ትምህርቴ ጊዜ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ሳይ ነገሩ እንደገና ገጠመኝ። በሥጋ ደዌ አንዱ ባክቴሪያ ሁለት ጫፍ ያለው በሽታ ያመጣል። ቲ ሴሉ ቁራሹን አንብቦ በሚነሣበት ሰው ላይ ጥቂት ነጠብጣብ፣ ጥቂት ባክቴሪያ ይታያል፤ በማይነሣበት ሰው ላይ ደግሞ ማክሮፋጆቹ በባክቴሪያ ተሞልተው ዝም ይላሉ። ይህን ልዩነት ለመረዳት ከተሠሩት ሥራዎች አንዳንዶቹ የተሠሩት እዚሁ አዲስ አበባ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 በተመሠረተው በአርማወር ሃንሰን የምርምር ተቋምና በጎረቤቱ አለርት ሆስፒታል ነው። እዚያ ያሉ ነባር ነርሶች ሕክምና የጀመረ ታካሚ በድንገት ቁስሉ ሊቀላ፣ ነርቩ ሊያብጥና ሊያም እንደሚችል ያውቃሉ። ነርቩ በአፋጣኝ ካልታከመ እጅና እግር ይጎዳል፤ መድኃኒቱ ግን አይቋረጥም። እናም ነርሶቹ ገና ኪኒኑን ሲሰጡ ቀድመው ይነግሩታል፦ «ይህ ሊመጣ ይችላል፤ ከመጣ አትሽሽ፣ ና።» እነሱን ስሰማ ያቺ ፌስታል ትዝ አለችኝ። እኔ ያላወቅኩት ኢሚውኖሎጂውን አይደለም፤ ቀድሞ መናገሩን ነው።

ዛሬ ሥራችን ተለውጧል። መድኃኒት ከማስጀመራችን በፊት ለቲቢ በደንብ እንመረምራለን፣ ጂንኤክስፐርት አለ፣ መከላከያ መድኃኒት እንሰጣለን። ሰው እንደ ድሮው እስኪሟጠጥ ሳንጠብቅ እናስጀምራለን። ዘግይቶ የሚመጣ ታካሚ ግን አሁንም አለ። ለእሱ ገና ኪኒኑን ሳልሰጠው የምለውን ልንገራችሁ፤ ለሚፈልግ ይውሰደው።

«ሰውነትህ ውስጥ ተደብቆ የኖረ ሌላ በሽታ ሊኖር ይችላል። እስከ ዛሬ ጠባቂው ስለደከመ አላየውም። ይህ መድኃኒት ጠባቂውን ያበረታዋል፤ ሲበረታ የተደበቀውን ያየውና ይያያዛሉ። ያኔ ትኩሳት ሊመጣ፣ እጢ ሊያብጥ ይችላል። መድኃኒቱ ጎዳህ ማለት አይደለም። በራስህ እንዳታቋርጥ፤ ቀጠሮ ሳትጠብቅ እኔ ጋ ና።» ከዚያ ምን እንደሰማኝ መልሶ እንዲነግረኝ አደርጋለሁ። እናት ወይም ሚስት አብራ ከመጣች እሷንም እጠይቃለሁ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። «የመድኃኒቱ ነው» የሚለውን ቃል ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ከአፌ አውጥቼ አላውቅም።

መምህራኖቻችን ሆይ፣ አንድ ልመና አለኝ፤ እንደ ልጃችሁ ስሙኝ። እናንተ ይህን ትምህርት በትራንስፓረንሲና በጠመኔ፣ መጽሐፍ በሌለበት ዘመን በደንብ አስተምራችሁናል። ስለ መያዣው፣ ስለ ቁራሹ፣ ስለ ማኅተሙ የማውቀው ሁሉ ከእናንተ ነው። ዛሬ የምታስተምሯቸው ልጆች ከእኛ የተሻለ ሥዕል፣ ቪዲዮም አላቸው። በፈተናው ወረቀት መጨረሻ ላይ ግን አንድ ጥያቄ ጨምሩላቸው፦ «ከላይ የጻፍከውን ለታካሚው እናት፣ በእሷ ቋንቋ፣ በአራት ዓረፍተ ነገር አስረዳ።» በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በሲዳምኛ፤ ተማሪው በሚያውቀው ይሁን። አራሚው ይቸግረው ይሆናል፤ ለእሱ መላ አይጠፋም። ተማሪው ግን ያን ጊዜ ገብቶት ይሁን ሸምድዶት፣ ራሱም ያውቀዋል።

ውድ ጓደኞቼ፣ ሰውነታችን ራሱ የሚያስተምረን ይህንኑ ነው። በላተኛው ሴል ባክቴሪያውን በሙሉ አካሉ ለዳኛው አይወረውርለትም። ይቆርሰዋል፣ ዳኛው ሊያነበው በሚችለው መጠን ያደርገዋል፣ ማኅተም መትቶ፣ ራሱ ተሸክሞ፣ ዳኛው ካለበት ድረስ ይወስድለታል። እኛም የተማርነውን ለሰው እንደዚያ ማድረስ አለብን።

የኚያን እናት ፌስታል ተቀብዬ መድኃኒቱን ለፋርማሲ ባለሙያው ሰጠሁት፤ ለሌላ ሰው እንደማይሰጥ ግን አልነገርኳቸውም። እጃቸውን ስሜ እስከ በሩ ሸኘኋቸው። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ» ብለውኝ ሄዱ።

 መምህራኖቻችንን ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ምሳ ላይ የዶርሙን ወሬ እንቀጥላለን።